በሣሩ ውስጥ የቀሩት

ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ከሞቱ ነፍሳት ጋር ነው። ይህን ስናገር ደንበኞቼ ከመቀሱ ሥር ሆነው ይስቃሉ። «ታዲያ አንተን ምን ብላ አገባችህ?» ይሉኛል። «በሕይወት ያለ አንድ ናሙና ቢኖረኝ ብላ ነዋ» እላቸዋለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ወሬ ከሌለ እጄም አይሠራም። እሷ ግን የወሬ ሰው አይደለችም። የምትውለው ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ ጥንዚዛውና ቢራቢሮው በስፒል ተወግቶ በየመሳቢያው የተደረደረበት ክፍል ውስጥ። ማታ ቤት ስትገባ ሻርፗ የብል መድኃኒት ይሸታል። የሰፈሩ ሰው «የጥንዚዛዋ እመቤት» ይላታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ከመሳቢያዎቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደው የአብሪ ጥንዚዛዎቹን ነው። እኔ እሷን እስካገባ ድረስ አብሪ ጥንዚዛ ማለት አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሲመሽ ብልጭ ይላል፣ ልጆች ያባርሩታል፣ አለቀ። ብዙ መሆናቸውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዱ ዝርያ ሳያቋርጥ ይበራል፣ ሌላው ብልጭ ድርግም ይላል። አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ቢጫ። ከዛፍ ጫፍ የሚበር አለ፣ ከጉልበት በላይ የማይነሣ አለ፤ ገና ትል ሳለ ጭቃ ውስጥ ሆኖ የሚያበራም አለ። መብራቱ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ መጠራሪያ ነው። ወንዱ በወገኑ አበራር «አለሁ» ይላል፣ ሴቷ የወገኗን ለይታ «እኔም እዚህ ነኝ» ትላለች። በሌላ አገር ደግሞ የሌላ ዝርያ አበራር አስመስላ እየጠራች፣ የመጣላትን ወንድ ቅርጥፍ አድርጋ የምትበላ አለች አሉ። ይህችኛዋን ሱቄ ውስጥ ሳወራ ያገባውም ያላገባውም እኩል ይስቃል።

የእኛዎቹ የሚኖሩት ከአሮጌው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ ነበር። ፋብሪካው አፈር ሲቆፍር ኖሮ ሲዘጋ ጉድጓዶቹ ውሃ ቋጠሩ፣ ዙሪያቸው ሣር በቀለ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ረግረግ ሆነ። ማንም ስላላየውም መብራት የተከለበት የለም። የጠቀማቸው እሱ ነው። የመንገድ መብራት ካለ ወንዱና ሴቷ አይተያዩም፤ ገበያ መሃል ቆሞ በሹክሹክታ እንደመጣራት ነው። ሚስቴ ከዚህ በፊት እንዲህ ያሉ ሁለት ቦታዎችን ለማትረፍ ተሟግታ ነበር። እሷ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ አንዱ የገበያ አዳራሽ ሆነ፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያ። ሙግቱን ማንም አላስታወሰውም፤ የሚገርመው፣ በማቆሚያው ሁላችንም እንጠቀማለን።

በረግረጉ ሦስት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው ሣር ውስጥ ተቀምጦ ሳያቋርጥ የሚበራው ነው። ሁለተኛው ቢጫው ነው፤ ወንዱም ሴቷም ከመሬት ተነሥተው ይበራሉ፣ የትም አገር ሞልቷል። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይልና ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ጊዜ። ይህን ሦስተኛውን ሌላ ቦታ አየሁት ያለ ሰው አልተገኘም። ሙዚየሙ ውስጥ የራሱ መሳቢያ አለው፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ሊቃውንት በመረብ ያጠመዷቸው፣ አንገታቸው ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያለባቸው፣ መልካቸው አንድ የሆነ ጥንዚዛዎች። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴቷን ያየ የለም። «ለምን?» ብላት፣ «ሴቶቹ ጥቂት ይሆናሉ፤ አንድ ቀን መረብ ውስጥ ትገባልን ይሆናል» ትለኝ ነበር።

ሚስቴ ጡረታ ልትወጣ ስትል ረግረጉ ተደፍኖ የአውቶቡስ ማደሪያ ይሁን ተባለ። ሥራውን የያዘው መሐንዲስ ደንበኛዬ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ፀጉሩ ከፊት ሳሳ ማለት ስለ ጀመረ መስታወት ማየት የማይወድ። ሙዚየም ድረስ ሄዶ አነጋገራት።

«እትዬ፣ እኔ ነፍስ ያለው ነገር ላይ አፈር መድፋት አልፈልግም» አላት። «ቦታው ግን አንዴ ተወስኗል። መኪናም ሰውም ልስጥዎት፤ ወደ ሆስፒታሉ ኩሬ ያዛውሯቸው። እርስዎ ተዛውረዋል ካሉ እኛም ልባችን ንጹሕ ሆኖ እንሠራለን።»

ያን ሰሞን ምግብ እንኳ በወጉ አልበላችም። «ብሟገት እሸነፋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ብስማማ ግን ቢያንስ ዝርያው ይተርፋል። እጮቹን ከነጭቃው ማንሣት አይቻልም፤ ትልልቆቹ ከሄዱ ግን እዚያው እንቁላል ይጥላሉ። ከምንም ይሻላል።» ከምንም ይሻላል የሚባል ነገር የዛገ ምላጭ ነው፤ ይላጫል፣ ግን አቁስሎ ነው። ያኔ ግን ለእኔም የብልህ ሰው ሐሳብ መሰለኝ፤ በርቺ አልኳት።

የተዛወሩ ዕለት አመሻሹ ላይ የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሚስቴ ከአጎበር ጨርቅ መረብ አሰፍታ ለያንዳንዱ አደለች። ስትናገር ሰምቻት በማላውቀው ድምፅ «ሁለት ጊዜ ብልጭ የሚለውን ብቻ! ቢጫውን ተዉት! ክንፉን እንዳትጎዱት!» እያለች ከጉድጓድ ጉድጓድ ትሮጣለች። እኔ ስሮጥ ውሃ ውስጥ ገብቼ አንድ ጫማዬን ለረግረጉ ገብሬ ወጣሁ። ሰው ሳቀብኝ፣ እሷም ሳቀች። ፀሐይ ጠልቃ እነሱ መብረር እንደ ጀመሩ በመረባችን እየቀዘፍን፣ በስስ ጨርቅ በተሸፈነ ሣጥን እየጨመርን፣ በአየር ላይ አንድም ሳይቀር ለቀምናቸው። ለተከታታይ ምሽቶች እየተመለስን አጣራን።

ሆስፒታሉ የግቢውን መብራት አጠፋልን። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ኩሬው ላይ ወጡና፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ዝም፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ። በሽተኞቹ በየመስኮቱ ቆመው አጨበጨቡ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሣ። ሚስቴ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ እሷን እሷን ሳይ ጥንዚዛዎቹን ብዙም አላየኋቸውም። በማግስቱ «ዝርያው ተዛውሯል፤ ሥራው ሊቀጥል ይችላል» ብላ ቃሏን ሰጠች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥ እኔ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው፤ ቃል ሲያመልጥ ግን እኔም አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ሆስፒታሉ ግቢ እየሄድን እንቀመጥ ነበር። ቀስ በቀስ እየሳሱ ሄዱ፤ በመጨረሻም ኩሬው ጨለመ። «ያው ትልልቆቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው» አለችኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ ግን ቆም አለች።

«ከላይ ሆነው ሲጠሩ አየሁ» አለች። «ወደ ሣሩ የወረደ ግን አንድም አላየሁም። አንተ አይተሃል?»

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኳት። «አንቺን የከበደሽ ድካም ነው።»

ቤት እስክንደርስ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ እራት ላይ እያለን መሐንዲሱ ስልክ ደወለ። ድምፁ ከእሷ ጆሮ አልፎ ለእኔም ይሰማል።

«እትዬ፣ ሁሉንም ወስደናል ብለውኝ አልነበር? የዶዘር ነጂዬ አልሠራም ብሎ ወርዷል። ‹መሬቱ ዓይን አለው፣ ያየኛል› ይላል። ሰክሮ ነው ብዬ ስመጣ እኔም አየሁት። ቢመጡ ጥሩ ነው።»

ጉርሻዋን አስቀምጣ ተነሣች። ስንደርስ ረግረጉ ከግማሽ በላይ ቀይ አፈር ሆኗል። ዶዘሩ ከአፈሩ ጫፍ ላይ አፍንጫውን ወደ ሣሩ ቀስሮ ቆሟል። በአየር ላይ ምንም አልነበረም። ገና አፈር ያልተደፋበት ሣር ውስጥ ግን፣ ከግርጌው፣ ደብዘዝ ያሉ መብራቶች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። ነጂው ራቅ ብሎ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል፤ ፊቱን ወደዚያ አያዞርም።

«እነዚህ እነዚያ አይደሉም እንዴ?» አልኳት። «የመጀመሪያዎቹ፣ ሁልጊዜም ሣር ውስጥ የሚቀመጡት?»

«የእነሱ ጊዜ አልፏል» አለች።

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ከአንድ ሣር ሥር አንዷን አነሣችና ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች፤ መሐንዲሱ የስልኩን መብራት ያዘላት። እኔ ያየሁት ትል የመሰለ፣ ቡናማ፣ ቀርፋፋ ነገር ነው። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

«ሁለቱ ነጥቦች አሉ» አለች በመጨረሻ። «አንገቷ ላይ። ሴቷ ናት።»

እኔም ቂሉ «እንኳን ደስ አለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም ያላያትን፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ያጧትን እሷ አገኘቻት ብዬ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየችኝም።

«ክንፍ የላትም» አለች። «መረብ የሚይዘው የሚበረውን ነው። ሊቃውንቱም ሲያጠምዱ የያዙት የሚበረውን ነው፣ እኔም የያዝኩት የሚበረውን ነው። የሚበረው ወንዱ ብቻ ኖሯል። እነዚህን በየዓመቱ እያየኋቸው የሌላ ዝርያ ናቸው እያልኩ ሳልፋቸው ኖርኩ።» ጥንዚዛዋን በሁለት እጇ ሸፈነቻት። «ባሎቻቸውን ለቃቅሜ ሆስፒታል ወሰድኩባቸው። እዚያ ሲጠሩ ሲጠሩ አለቁ። እነዚህ ደግሞ እዚህ ይጠብቃሉ። ሰው አጨበጨበልኝ እኮ!»

መሐንዲሱ ራሱን ማከክ ጀመረ። እኔም አጠገቧ ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ።

መጀመሪያ የተነሣችው እሷ ናት። «ልጄ፣ ስማኝ» አለችው። «የዘንድሮው አልቋል። ከጭቃው ሥር ግን እጮች አሉ፤ ቀንድ አውጣ እየበሉ የሚያድጉ፣ የከርሞዎቹ። ወንዱም ሴቱም እዚያው ነው ያለው። በዚህ በቀረው ቁራሽ መሬት አፈር ካልደፋህበት ከርሞ ይነሣሉ። እባክህ አትድፋበት።»

«እትዬ፣ እኔ ዶዘሩ ተበላሸ ብዬ ሥራውን ትንሽ ልጎትተው እችላለሁ» አላት። «ከእኔ በላይ ላሉት ግን እርስዎ ይንገሯቸው። ሊሠራ ይችላል ያሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ አይሠራም የሚሉትም እርስዎ መሆን አለብዎት።»

በነጋታው ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ጥንዚዛዋን ከሣርና ከእርጥብ ጭቃ ጋር በማር ጠርሙስ አድርጋ፣ ክዳኑን በስታ ይዛታለች። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቢሮ ሰፊ መስኮት አለው፤ ፀሐዩ ግጥም ብሎ ገብቷል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የዚያ ምሽት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሚስቴ መሃል ላይ ቆማ። ሰውየው በክብር ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«ተሳስቻለሁ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። ሙያዋን ታውቃለች ተብላ የኖረች ሴት፣ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት፣ ያቺን ቃል ያለ ማመካኛ ስታወጣት ኮራሁባት። ከዚያ ሁሉንም አስረዳችው። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ለመስማትማ ጎበዝ ነው።

«እትዬ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለ። «ሥራ የጀመርነው የመጀመሪያውን ቃልዎን አምነን ነው። አሁን ሁለተኛውን እንመን ካልን የመጀመሪያው ስሕተት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን በምን እናምናለን?»

ይህን ሲል ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት እኔ መልስ ነበረኝ። ሚስቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኸው» አለች።

ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህች ትል ናት?»

«ሴቷ ናት።»

«ታዲያ የታለ መብራቷ?»

«በቀን አታበራም።»

በእጆቿ ጠርሙሱን ሸፈነችና በጣቶቿ መሃል እንዲያይ አደረገችው። ተጎንብሶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ምንም የለም። እሷም አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ በይልኝ እያለች በልቧ እንደምትለምናት ያስታውቃል።

«ማታ መጥተው ይዩ» አለችው።

«ማታማ ቢሮ ዝግ ነው» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ እጅጌዬን ይዛ አስነሣችኝ።

መሐንዲሱ ቃሉን ጠበቀ፤ ዶዘሩን አመመው እያለ የቻለውን ያህል አዘገየ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ መጣ። ወንበሩ ባዶ ነበር፣ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ ዛሬ ጨረስን» አለኝ። «ለእትዬ ይንገሩልኝ። እኔ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።» ይህን ብሎ ወጥቶ ሄደ። አሁን ሌላ ቦታ እየሄደ ነው መሰለኝ የሚስተካከለው፤ አልተቀየምኩትም።

ቤት ገብቼ ስነግራት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን ታጠበች። «እሺ» አለች። መልሳ ቢላዋውን አነሣች፣ የቀረውን ሽንኩርት ጨረሰች። እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር፤ ሽንኩርቱ እንኳ አላስለቀሳትም።

ጠርሙሱ መኝታ ቤታችን መስኮት ላይ ነበር። ሴቷ አልሞተችም። «ባል ያገኘች ሴት መብራቷን ታጠፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች» ብላኛለች ሚስቴ። «ያላገኘች ደግሞ ትቆያለች። በየምሽቱ ታበራለች።» ስለዚህ ሲመሽ የቤቱን መብራት ሁሉ እንድናጠፋ ታደርጋለች፤ እኛ እራታችንን በወጥ ቤቱ ጭላንጭል እንበላለን። አንድ ቀንም አላጉረመረምኩም፤ ከእኔ የማይጠበቅ ነገር ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ሚስቴ ልብስ ልታወርድ ደጅ ስትወጣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠርሙሱን አያለሁ። ሴቷ ሣሩ ላይ ወጥታ በርታለች። የሚስቴም የጥንዚዛዋም ነገር አንድ ላይ መጣብኝና አላስችል አለኝ። የእጅ ባትሪ አወጣሁ፤ መስታወቱን በጣቴ ሸፍኜ ብርሃኑን አደበዘዝኩና፣ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብልጭ አድርጌ ዝም አልኩ።

መለሰችልኝ። ደብዛዛ መብራቷ ድንገት ጎላ ብሎ ቆየና መልሶ ደበዘዘ። እንደገና ሁለት ጊዜ። እንደገና መለሰች። ልቤ እንደ ጎረምሳ መታ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ሚስቴ በሩ ላይ ልብስ ታቅፋ ቆማለች።

«መለሰችልኝ!» አልኳት። «ነይ እይ፣ ትመልሳለች!»

መጣች። ልብሱን አልጋው ላይ አድርጋ አጠገቤ ተንበረከከች። ብልጭ አደረግኩ፤ ሴቷ ጎላ አለች፤ ከዚያም ከሣሩ ወርዳ ክንፍ የሌለውን ገላዋን እየጎተተች ወደ ባትሪው አቅጣጫ፣ ጠርሙሱ ግድግዳ ድረስ መጣች። የሚስቴን ትንፋሽ ሰማሁ። ይህን ጥሪና መልስ ለማየት ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች፤ ለጥቂት ጊዜ ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ።

«ድገመው» አለች በቀስታ።

ደገምኩት። ሴቷ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፋ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ አጥብቃ በራች።

ሚስቴ እጇን ባትሪው ላይ ጫነች። «ይበቃል» አለች። «አታታልላት። ከእኔ የደረሰባት ይበቃታል።»

አጠፋሁት። ተነሥታ ልብሱን ሳታጣጥፍ ወደ ወንበሩ አዛወረችው፣ ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ከጎኗ ተጋደምኩ። የተኛች መስሎኝ ነበር፤ እያለቀሰች ኖሯል። መቼም ከእሷ ጋር የኖርኩትን ያህል ኖሬ፣ በጨለማ ትከሻዋን ከመያዝ በቀር ሌላ ማጽናኛ አልተማርኩም።

«እየጠራች ነው?» አለችኝ ፊቷን ሳትመልስ።

ወደ መስኮቱ አየሁ።

«አይ፣ አጥፍታለች» አልኳት። «ተኚ።»

አላጠፋችም ነበር። ጠርሙሱ ላይ እንደተለጠፈች፣ ወደ እኔ ዞራ፣ ትጠብቃለች።